ስናፕ፣ ዊክ፣ የትምህርት ቤት ምግብ ወይስ ፓንትሪ? በዲሲና አካባቢው ለቤተሰባችሁ የሚሆነውን የምግብ ድጋፍ ለመምረጥ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ የሚኖር የእኛ ሰው ኑሮ ሲከብደው መጀመሪያ የሚነገረው ስም «ፉድ ስታምፕ» ነው፤ የአሁን ስሙ ስናፕ ነው። ማመልከቻ ያስገባል፤ ከሳምንታት በኋላ «ግሪን ካርድ ካገኘህ አምስት ዓመት አልሞላህም» የሚል ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ነገሩን በዚያው ይተወዋል። በዚያ ቤት ግን የሁለት ዓመት ሕፃን አለ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ አለ፣ ከሀገር ቤት የመጡ እናት አሉ። ለእያንዳንዳቸው የተለየ በር አለ። የአባትየው መከልከል አንዱንም አይዘጋም።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት ሦስት ነገር መለየት ይበጃል፦ ቤቱ ውስጥ እነማን አሉ፣ የእያንዳንዱ ወረቀት ምንድን ነው፣ ምግቡስ የሚያስፈልገው ለዛሬ ማታ ነው ወይስ ለሚመጡት ወራት? በእኔ እምነት አብዛኛው ቤተሰብ መነሳት ያለበት የመኖሪያ ፈቃድ ከማይጠይቁት ድጋፎች ነው፤ ስናፕ ከእነሱ ቀጥሎ ወይም ጎን ለጎን ይመጣል። ገንዘቡ ጠርቀም ስለሚል ሁሉም መጀመሪያ ወደ ስናፕ ይሮጣል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰውም ከዚያው ነው።

ለዛሬና ለዚህ ሳምንት፦ ፓንትሪ

ፉድ ባንክ የሚባለው ትልቁ መጋዘን ነው። ምግቡን በእጃችሁ የምትቀበሉት ግን ከፓንትሪ ነው፤ ይህም ቤተ ክርስቲያን፣ የማኅበረሰብ ማዕከል፣ ትምህርት ቤት ወይም ራሱን የቻለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ ትልቁ መጋዘን ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ሲሆን ዲሲን፣ ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን፣ እንዲሁም ሰሜን ቨርጂንያን ያዳርሳል። ድረ ገጹ ላይ ዚፕ ኮዳችሁን ስታስገቡ ቅርብ ያሉትን ማደያዎች ያሳያችኋል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ያለ ሰው ማና ፉድ ሴንተርን፣ ፌርፋክስ ያለ ፉድ ፎር አዘርስን፣ አርሊንግተን ያለ የአርሊንግተን ፉድ አሲስታንስ ሴንተርን፣ ዲሲ ያለ ብሬድ ፎር ዘ ሲቲን መጠየቅ ይችላል። ኢንተርኔት የማይሆንለት 211 ወደሚባለው የድጋፍ መረጃ መስመር ይደውል፤ ጥሪው ነፃ ነው፤ «አምሃሪክ» ብሎም አስተርጓሚ መጠየቅ ይችላል።

አብዛኛው ፓንትሪ የሚጠይቀው ስም፣ ዚፕ ኮድና የቤተሰብ ብዛት ነው። የፌዴራል መንግሥቱ ያቀረበው ምግብ ካለበት ገቢያችሁ ከተወሰነ መጠን በታች መሆኑን በፊርማችሁ እንድታረጋግጡ ይጠየቃል። ስለ ግሪን ካርድ ወይም ስለ ቪዛ አይጠየቅም። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ቀጠሮ ያስፈልግ እንደሆነ፣ የምን ሰፈር ነዋሪ እንደሚያስተናግዱ፣ በሳምንት ወይም በወር ስንት ጊዜ መምጣት እንደሚቻል ጠይቁ። ጠንካራ ከረጢት ወይም ተጎታች ጋሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ድንችና ጣሳ በአውቶቡስ ይዞ መመለስ ቀላል አይደለም።

ፓንትሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አስቀድሞ የታሸገ ከረጢት ይሰጣል፤ ሌላው እንደ ሱቅ ከመደርደሪያ ራሳችሁ እንድትመርጡ ያደርጋል። ለእኛ ቤት ሁለተኛው በጣም ይሻላል፤ ምስሩን፣ ሩዙን፣ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑንና ዘይቱን አንስቶ ልጆቹ የማይነኩትን መተው ይቻላል። የታሸገ ከረጢት ከሆነ ደግሞ ገና በሩ ላይ «የአሳማ ሥጋ አንበላም» ወይም «አሁን ጾም ላይ ነን፣ ባቄላና አትክልት ይሻለናል» ማለት ምንም ነውር የለውም። የሚያድሉት ሰዎች መልሳችሁ ከምትጥሉት ይልቅ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ይመርጣሉ።

የፓንትሪ ድክመት እርግጠኛ አለመሆኑ ነው። ዛሬ ዶሮና ወተት ይኖራል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ዳቦና የታሸገ በቆሎ ብቻ ሊሆን ይችላል። ወሩን ሙሉ በእሱ ብቻ መኖር አይቻልም። ቢሆንም አድራሻውንና የሚከፈትበትን ቀን ችግር ሳይመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። በኦክቶበር 2025 የፌዴራል መንግሥቱ ሥራ ሲቆም የኖቬምበር ስናፕ በጊዜው ሳይገባ ቀረ፤ የስናፕ ካርዱን ብቻ ተማምኖ የነበረ ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፓንትሪ ወጣ። ቦታውን አስቀድሞ ያወቀ ያን ሳምንት ተሻገረው።

እርጉዝ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ቤት፦ ዊክ

ዊክ ለእርጉዝ፣ ለወለደች፣ ለምታጠባ እናትና አምስተኛ ልደቱን ላላከበረ ልጅ የሚሰጥ የምግብ ድጋፍ ነው። የወለደች እናት እስከ ስድስት ወር፣ የምታጠባ ደግሞ ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ራሷም ትካተታለች። ልጁን ለማስመዝገብ እናት መሆን ግዴታ አይደለም፤ አባት፣ አያት ወይም አሳዳጊ ማስመዝገብ ይችላል።

ከስናፕ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት አይጠይቅም፤ አምስት ዓመት መጠበቅም የለም። በዲቪ ትናንት የገባ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የመቆያ ጥበቃ) ያለው ሁሉ ማመልከት ይችላል። ሁለተኛ፣ የገቢ ጣሪያው ሰፋ ያለ ነው። እስከ ጁን 2026 ባለው ስሌት ለአራት ሰው ቤተሰብ በዓመት 59 ሺህ 478 ዶላር ድረስ ይደርሳል፤ እርጉዝ ሴት ስትቆጠር በሆዷ ያለውም አብሮ ይቆጠራል። ልጁ ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ካለው የገቢውን ጥያቄ በዚያው አለፋችሁ ማለት ነው።

በምላሹ ነፃነቱ ጠበብ ይላል። ዊክ በዶላር የሚለካ ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን የምግብ ዝርዝር ነው፤ ይህን ያህል ወተት፣ ይህን ያህል እንቁላል፣ ሲሪያል፣ ባቄላ ወይም ምስር፣ የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙሉ እህል። ለአትክልትና ፍራፍሬ ብቻ የተለየ ገንዘብ ይገባል፤ ለአንድ ልጅ በወር 26 ዶላር ገደማ። ብራንዱና መጠኑ ሳይቀር የተወሰነ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ግብይቶች ያደክማሉ፤ ካሸር ጋ ደርሶ «ይሄ አይሆንም» መባል ያሳፍራል። ስልክ ላይ የሚጫነው የግዛታችሁ የዊክ መተግበሪያ የዕቃውን ባርኮድ ሲያነብ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ከመደርደሪያው ሳትነሱ አረጋግጡ።

ለእኛ የሚያስደስት አንድ ለውጥ አለ። በ2024 የወጣው የፌዴራል ደንብ ግዛቶች በሙሉ እህል ዝርዝራቸው ላይ ሊያካትቷቸው ከሚችሏቸው እህሎች ውስጥ ጤፍን በስም ጠርቶታል። የሚመርጠው ግዛቱ ስለሆነ የዊክ ቢሮ ስትሄዱ «ጤፍ ዝርዝራችሁ ውስጥ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልገባም ጥያቄው ሲደጋገም ለሚቀጥለው ዝርዝር ይጠቅማል። ጾም ለምትጾም እናት በወተት ፋንታ የአኩሪ አተር ወተት ወይም ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) መጠየቅም ይቻላል።

የዱቄት ወተት የሚጠቀም ሕፃን ላለበት ቤት ከዊክ የሚበልጥ የለም፤ ፎርሙላ በራስ ገንዘብ ሲገዛ ወሩን የሚበላው እሱ ነውና። የምታጠባ እናት ደግሞ የጡት ወተት ማለቢያ ፓምፕና የምክር አገልግሎት ማግኘት ትችላለች። ብዙ ቤተሰብ ግን ልጁ ዓመት ሞልቶት ፎርሙላ ሲያቆም ዊክንም አብሮ ይተዋል። አትተዉት፤ ገና አራት ዓመት የወተት፣ የእንቁላልና የአትክልት መብት ይቀረዋል።

ተማሪ ልጅ ካለ

የትምህርት ቤት ምግብ ከሁሉም ቀላሉ ነው። የወላጅም የልጅም የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። ፎርሙ ላይ የአንድ አዋቂ የሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይጠየቃሉ፤ የሌለው «የለኝም» የሚለውን ሳጥን ምልክት ማድረግ ይበቃዋል። በ2025–26 የትምህርት ዓመት ገቢው በዓመት ከ41 ሺህ 795 ዶላር የማይበልጥ የአራት ሰው ቤተሰብ ልጅ ቁርስም ምሳም በነፃ ይበላል፤ እስከ 59 ሺህ 478 ከሆነ በቅናሽ፣ ቢበዛ ለቁርስ 30፣ ለምሳ 40 ሳንቲም። ስናፕ ያለው ቤተሰብ ልጅ ያለ ፎርም በቀጥታ ይመዘገባል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ያለ ምንም ማመልከቻ ለሁሉም ተማሪ በነፃ ያበላሉ። እዚህ ላይ ወላጆች የሚያመልጣቸው ነገር አለ። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሰን ባክስ የሚባል ለእያንዳንዱ ልጅ 120 ዶላር የሚያወጣ ካርድ ይሰጣል፤ ስናፕ ያላቸው ልጆች በራሱ ይመጣላቸዋል። «የልጄ ትምህርት ቤት ለሁሉም በነፃ ነው» ብሎ ፎርም ሞልቶ የማያውቅ ቤተሰብ ግን ስሙ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ ለሰን ባክስ ለብቻው ማመልከት አለበት። ሦስት ልጅ ያለው ቤት 360 ዶላር ነው የሚያጣው። ሜይ ላይ ትምህርት ቤቱን ጠይቁ።

ስናፕ፦ ትልቁ ገንዘብ፣ ብዙ ጥያቄ

ፉድ ስታምፕ በ2008 ስሙ ስናፕ ሆኗል፤ የሚሰጠውም ኢቢቲ በሚባል ካርድ ነው። ከሌሎቹ የሚበልጠው በነፃነቱ ነው። የኢቢቲ ፈቃድ ካለው የሐበሻ ሱቅ የጤፍ ዱቄት፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ፣ ቡና፣ የታሸገ እንጀራ ትገዙበታላችሁ። ለጓሮ የሚሆን የጎመንና የቃሪያ ዘር እንኳ ይገዛበታል። የማይገዛበት ትኩስ የተሠራ ምግብ፣ አልኮል፣ ሲጋራ፣ ቪታሚን፣ ሳሙናና ዳይፐር ነው። ለፋሲካ ከእርሻ ቦታ በቁሙ የሚገዛ በግም አይቻልም፤ ታርዶ በሥጋ መልክ ሲሸጥ ይቻላል። የገበሬዎች ገበያ የምትሄዱ ከሆነ በሜሪላንድም በቨርጂንያም በዲሲም ኢቢቲ ለሚከፍል ሰው ተጨማሪ የአትክልት ገንዘብ የሚሰጡ ገበያዎች አሉ፤ ስትደርሱ የመረጃ ጠረጴዛውን ጠይቁ።

ማን ያገኛል? እዚህ ላይ ሕጉ በጁላይ 2025 ስለተለወጠ ወዳጅ ዘመድ ከዓመት በፊት የነገራችሁ ላይሠራ ይችላል። ዜጋ ያገኛል። ግሪን ካርድ ያለው አዋቂ በአብዛኛው አምስት ዓመት ይጠብቃል። ግሪን ካርድ ያለው ከ18 ዓመት በታች ልጅ ግን ምንም አይጠብቅም፤ ስለዚህ በዲቪ የገባ ቤተሰብ ወላጆቹ ባይካተቱ እንኳ ለልጆቹ ማመልከት ይችላል። ስደተኛ ሆኖ የመጣና ጥገኝነት የተፈቀደለት ሰው ቀድሞ ወዲያው ያገኝ ነበር፤ በአዲሱ ሕግ ግሪን ካርዱን እስኪይዝ ድረስ አያገኝም፤ ሲይዝ ግን አምስት ዓመቱን አይጠብቅም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና በሂደት ላይ ያለና ቲፒኤስ ብቻ ያለው አዋቂ አይካተትም፤ አሜሪካ የተወለደ ልጁ ግን ዜጋ ነውና ይካተታል። ለልጁ ብቻ የሚያመለክት ወላጅ የራሱን ወረቀት የማሳየት ግዴታ የለበትም፤ ገቢውን ግን ይናገራል።

አንድ ነገር ከዲቪው ጋር የተያያዘ ነው። በቤተሰብ አመልካችነት የመጣ ሰው ስፖንሰሩ አፊዳቪት ኦፍ ሰፖርት (እረዳዋለሁ የሚል አስገዳጅ ሰነድ) ስለፈረመ፣ የስፖንሰሩ ገቢ እንደ ራሱ ገቢ ተቆጥሮ ሊያስከለክለው ይችላል። በዲቪ የመጣ ያ አስገዳጅ ፊርማ ስለሌለበት ይህ አይመለከተውም። ኬዝ ወርከሩ (ማመልከቻችሁን የያዘው ሠራተኛ) የስፖንሰር ወረቀት ቢጠይቃችሁ በዲቪ እንደመጣችሁ በግልጽ ተናገሩ።

ገቢን በተመለከተ የፌዴራሉ መነሻ ከድህነት መስመሩ 130 በመቶ ቢሆንም ሦስቱም አካባቢዎች ለአብዛኛው ቤተሰብ እስከ 200 በመቶ ይቀበላሉ፤ ለአራት ሰው በዓመት 64 ሺህ 300 ዶላር ገደማ። ይህ በሩን ይከፍታል እንጂ ገንዘቡን አይወስንም። ገንዘቡ የሚሰላው እንዲህ ነው፦ ከደመወዛችሁ 20 በመቶው ይነሳል፤ ከዚያ መደበኛ ቅናሽ፣ ለሥራ ብላችሁ የከፈላችሁት የልጅ መጠበቂያ፣ የኪራይና የመብራት ወጪ ከፊሉ ይቀነሳል። ከሚቀረው የተጣራ ገቢ 30 በመቶውን ለምግብ ታውሉታላችሁ ተብሎ ይታሰብና ከስናፕ ገንዘቡ ጣሪያ ላይ ይቀነሳል። እስከ ሴፕቴምበር 2026 የአራት ሰው ጣሪያ በወር 994 ዶላር ነው። የተጣራ ገቢያቸው 1,500 የሆነ አራት ሰዎች እንግዲህ 450 ተቀንሶ 544 ዶላር ይደርሳቸዋል።

ከዚህ ስሌት ሁለት ምክር ይወጣል። ታክሲ፣ ኡበር ወይም ሊፍት የምትነዱ ከሆነ መተግበሪያው ላይ የሚታየውን ጠቅላላ ገቢ ብቻ አታስገቡ። ቤንዚን፣ ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ የመኪና ኪራይ የሥራ ወጪ ነው፤ ደረሰኙን አያይዙ። ብዙ ሹፌር «ገቢህ በዛ» ተብሎ የሚመለሰው ወጪውን ስላላሳየ ነው። ሁለተኛው የሚያሳዝን ነው፦ በየወሩ ለእናት ለአባት፣ ለታናናሾች ሀገር ቤት የምትልኩት ገንዘብ ከገቢያችሁ አይቀነስም። ፍርድ ቤት ያዘዘው የልጅ ቀለብ ካልሆነ በቀር ስሌቱ አያውቀውም። የሚልከው ሰው እጁ ላይ ያልቀረ ገንዘብ እንዳለው ተደርጎ ይቆጠራል።

ልጅ ለሌላቸው ወይም ትንሹ ልጃቸው 14 ዓመት ለሞላቸው ሌላ ደንብ አለ። ከ18 እስከ 64 ዓመት የሆነ፣ መሥራት የሚችል አዋቂ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ወይም መሠልጠኑን ማሳየት አለበት፤ አለበለዚያ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ወር ብቻ ነው የሚያገኘው። በራሱ መኪና የሚሠራበት ሰዓትም ይቆጠራል፤ መዝግቡት። ሕመም ያለበት ሰው የሐኪም ማስረጃ ያቅርብ።

ለማመልከት ቨርጂንያ ኮመንሄልፕ፣ ዲሲ ዲስትሪክት ዳይሬክት፣ ሜሪላንድ ደግሞ የሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ትጠቀማላችሁ፤ በአካል ቢሮ መሄድም ይቻላል። ማመልከቻው ነፃ ነው፤ ለመሙላት ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ አትክፈሉ። ወረቀቱ ሁሉ እስኪሟላ አትጠብቁ፤ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ያለበት ማመልከቻ ዛሬ ካስገባችሁ የሚታሰብላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ነው፤ የደመወዙ ወረቀትና የኪራይ ውሉ በኋላ ይደርሳል። መልስ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የወር ጠቅላላ ገቢያችሁ ከ150 ዶላር በታች ሆኖ እጃችሁ ላይና ባንክ ያለው ከ100 ካልበለጠ፣ ወይም ኪራይና መብራት ውኃችሁ ከገቢያችሁና ካላችሁ ገንዘብ ድምር ከበለጠ በ7 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል። ይህን የሚነግራችሁ ላይኖር ስለሚችል ራሳችሁ ጠይቁ።

ቃለ መጠይቁ ብዙ ጊዜ በስልክ ነው፤ የማይታወቅ ቁጥር ሲደውል የማናነሳ ብዙ ነን። ማመልከቻ ካስገባችሁ በኋላ አንሱ፤ ካመለጣችሁ መልሳችሁ ደውሉና አዲስ ቀጠሮ ያዙ። አስተርጓሚ በነፃ ማግኘት መብታችሁ ነው፤ በዲሲ የ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ሳይቀር አለ፤ አማርኛም ከተማው ሰነዶቹን ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ቤቱ ገንዘብና ስለ ወላጆቹ ችግር የሚጠየቀውን ሁሉ ልጅ መሸከም የለበትም፤ የሚሳሳተው ቃልም ወሩን ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ካርዱን ደግሞ ጠብቁት። ሌቦች በካሸር ማሽን ላይ በሚለጥፉት መሣሪያ ቁጥሩን ገልብጠው ገንዘቡን በገባበት ሌሊት ይወስዱታል፤ የተሰረቀውን በፌዴራል ገንዘብ የሚተካው ሕግ በዲሴምበር 2024 አብቅቷል። ገንዘቡ ከመግባቱ በፊት ፒኑን ለውጡ፤ የግዛታችሁ መተግበሪያ ካርዱን መቆለፍ የሚያስችል ከሆነ በማትጠቀሙበት ጊዜ ቆልፉት።

እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ

ልጆቻቸውን ሊያዩ መጥተው የቀሩ አዛውንቶች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ዕድሜያቸው 60 የሞላ ሰዎች በአካባቢያቸው የአረጋውያን ማዕከል ምሳ መብላት ይችላሉ፤ የገቢ ፈተና የለውም፤ የፈለገ የቻለውን ያዋጣል። ከቤት መውጣት ለማይችሉ ምግቡ ቤት ድረስ የሚመጣበት አገልግሎት አለ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ 60 ዓመት ለሞላቸው በወር አንድ ጊዜ የሚታደል የምግብ ሳጥንም አለ፤ የአካባቢውን ፉድ ባንክ ጠይቁ። ማዕከሉ ከምግቡ በላይ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ልጆቻቸው ሥራ ውለው እስኪመለሱ አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን የሚውሉ እናት ሰው ያገኛሉ።

«ወረቀቴን ያበላሽብኛል» የሚለው ፍርሃት

ፍርሃቱ መሠረት የለውም አልልም። ፐብሊክ ቻርጅ የሚባለው ደንብ ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው በመንግሥት ሸክም ይሆናል ወይ ብሎ ይመረምራል። በ2022 የወጣው ደንብ ስናፕን፣ ዊክንና የትምህርት ቤት ምግብን በዚህ ውስጥ አይቆጥርም። በኖቬምበር 2025 ግን የሀገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ይህን ደንብ የመሻር ሐሳብ አቅርቧል። ስለዚህ ወደፊት ግሪን ካርድ የሚጠይቅ ሰው ለራሱ ስናፕ ከማመልከቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ጥሩ ነው።

ይሁንና ጉዳዩ የማይመለከታቸው ብዙዎች በከንቱ ይፈራሉ። ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች በሕግ ከዚህ ፈተና ነፃ ናቸው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ዜግነት ሲጠይቅ ፐብሊክ ቻርጅ አይጠየቅም፤ መጠንቀቅ ያለበት ከስድስት ወር በላይ ከሀገር ወጥቶ የሚመለስ ነው። ከፓንትሪ የተወሰደ ከረጢት ደግሞ በማንኛውም የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ የለም።

ከወረቀቱ ይልቅ ሰው የሚያስቀረው ግን ይሉኝታ ይመስለኛል። «እኔ እጄን ለመንግሥት አልዘረጋም» ይላል፤ ባንኮኒው ኋላ የቆመችው የሐበሻ ሱቅ ልጅ ካርዱን ስታየው ለሰው ትናገራለች ብሎ ይሰጋል። በየቼኩ የምትከፍሉት ታክስ ግን እድር ማለት ነው፤ ያዋጣ ሰው በክፉ ቀኑ ሲደርስለት አያፍርም። ገመናዬ አይታይ ለሚል ሰው ደግሞ ኢቢቲ ካርድ የሚሠራው እንደ ባንክ ካርድ ነው፤ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶችም በኢንተርኔት ሲታዘዙ ኢቢቲ ይቀበላሉ።

ቤት ለቤት ሲታይ

በቅርቡ በዲቪ ለገባና ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ዛሬ ፓንትሪ፣ በዚህ ሳምንት የዊክ ቀጠሮና የትምህርት ቤት ፎርም፣ ከዚያ ለልጆቹ ብቻ ስናፕ። ልጆቹ ስናፕ ካገኙ የትምህርት ቤቱም የሰን ባክሱም ነገር በራሱ ይስተካከላል። ዊክና ስናፕ አንዱ ሌላውን አይቀንስም፤ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል።

ጥገኝነት ተፈቅዶለት ግሪን ካርድ ለሚጠብቅ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ላለው ሰው መሠረቱ ዊክ ነው፤ ልጁ እዚህ ከተወለደ ለእሱ ስናፕ ይጨመራል። ግሪን ካርዱ በፖስታ የመጣ ዕለት ግን ለራሱም ያመልክት።

ብቻውን ለሚኖር፣ መኪና ለሚነዳ ጎልማሳ ዊክም ትምህርት ቤትም የለም። አምስት ዓመቱን ከጨረሰ ስናፕ ይሞክር፤ ወጪውንና ሰዓቱን መዝግቦ ይያዝ። ካልጨረሰ ፓንትሪ ብቻ ነው የሚቀረው፤ ለአንድ ሰው ግን ሁለት ፓንትሪ በወር ውስጥ ሲፈራረቅ ጥሩ ድርሻ ይሸፍናል።

ትንሹ ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶት ሁሉም ተማሪ በሆነበት፣ ወላጆቹ ሁለቱም በሚሠሩበት ቤት ስናፕ 40 እና 50 ዶላር ብቻ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች ለዚህ ነው ወይ ወረቀት የማመላለሰው ብለው ይተዉታል። እኔ አልተወውም፤ ያቺ ትንሽ ገንዘብ ልጆቹን በቀጥታ ለነፃ የትምህርት ቤት ምግብና ለሰን ባክስ ታስመዘግባለች።

ከተከለከላችሁ ደብዳቤውን አትጣሉት። ምክንያቱ ተጽፎበታል፤ ብዙ ጊዜም የጎደለ ወረቀት ወይም ያመለጠ ቃለ መጠይቅ ነው። ውሳኔው ስህተት ነው ብላችሁ ካመናችሁ ከውሳኔው ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ በስልክም ቢሆን ይግባኝ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ለችሎቱም አስተርጓሚ በነፃ ይመደባል። ስናፕ እያገኛችሁ ሊቋረጥ ወይም ሊቀነስ እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሳችሁ ደግሞ ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን በፊት ይግባኝ ከጠየቃችሁ ውሳኔ እስኪሰጥ የቀድሞው መጠን ሊቀጥል ይችላል፤ በይግባኙ ከተረታችሁ ግን በመሃል የወሰዳችሁትን ትመልሳላችሁ። በየአካባቢው ያሉ ነፃ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ይይዛሉ፤ 211 ላይ ስትደውሉ የምግቡን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የእነሱንም ጠይቁ።